ተኩሱ የበዛው ስለተያዝክ ነው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአራት ኪሎ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። ከእማዬና ከ9 ዓመት ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ስጫወት የሚችለኝ አልነበረም። አሁን አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ፒኤስ ፎር ይዛልኝ መጣች። አብሮት ያለው ጌም ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ነው። ተደብቀህ የጠላት ካምፕ የምትገባበት። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳን ሳልታይ ገብቼ አላውቅም። በሁለት ደቂቃ ያዩኛል፣ ክላሹን አወጣለሁ፣ ቤቱ በተኩስ ይናጋል፣ እሞታለሁ። ባለፈው ሳምንት ተናድጄ ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲህ ሳልነካው ካሜራው ወደ ግራ ይዞራል። ያለን ቴሌቪዥን አንድ ነው፣ እሱም ሳሎን ነው። እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ጥጥ ትፈትላለች። ተኩሱ ሲጀምር እንዝርቷን ታስቀምጥና ተነስታ ትወጣለች። ‹እኔ የእውነቱን ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል› ነው የምትለው። ወንድሜ ደግሞ ከአጠገቤ ንቅንቅ አይልም። ሸጬው የኳስ ጌም ልግዛ? ወይስ የሚለመድ ነገር ነው? ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ጋሼ» ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ። ገና 42 ነኝ። ሁለተኛ፣ ጌሙን አትሽጠው። አንድ ወር ያዘው። ከዚያ በኋላም ካላማረህ ገዢ አይጠፋም።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አንተ ሁለት ችግር ያለብህ መስሎሃል፤ አንዱ የእጅህ፣ ሌላው የእናትህ። ለእኔ የታየኝ ግን አንድ ነው። እናትህን ከሶፋው የሚያስነሳቸው ተኩሱ ነው። ተኩሱ የሚጀምረው ደግሞ አንተ ስትያዝ ነው። ይህን ጌም የሚችል ሰው ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጠህ ታውቃለህ? የሚሰማው ነፋስ ነው። የፈረስ ኮቴ ነው። ሁለት ወታደሮች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ነው። አልፎ አልፎ አንዲት «ጢስ» የምትል ድምፅ ትሰማለህ፣ ከዚያ አንድ ሰው ዘፍ ይላል። ከዚያ እንደገና ነፋስ። እዚያ አጠገብ ተቀምጦ ጥጥ መፍተል ይቻላል።

ለምን እንደምትያዝ ደግሞ ስትጫወት ሳላይህም እነግርሃለሁ። ፒያሳ ስለተማርክ ነው።

አትቀየመኝ፣ እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። ዶሮ ማነቂያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሂሳቡ ወይ በጨዋታ ነው ወይ በሰዓት። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል። ከኋላህ ስድስት ልጅ ቆሟል፤ ሁሉም ተራ ጠባቂ ነው፣ ሁሉም አሠልጣኝ ነው። ስለዚህ የሚከፈተው ወይ ኳስ ነው ወይ ድብድብ። ቶሎ ያልቃላ!

አንድ ቀን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የመጀመሪያው ሜታል ጊር ሶሊድ ሲዲ እዚያ ቤት ተገኘ። የሰዓት ከፈልኩና ገባሁ። ጀግናው የካርቶን ሳጥን ራሱ ላይ ደፍቶ መደበቅ ይችላል። እኔም ሳጥኔን ደፍቼ ቁጭ አልኩ፣ ዘበኛው እስኪያልፍ። ከኋላዬ ጩኸት ሆነ። «ምን ያስቀምጥሃል? ሰዓቱ እየሄደ እኮ ነው!» አላስችል አለኝ። ሳጥኑን ጣልኩ፣ ሮጥኩ፣ ሞትኩ። ተራዬም አለቀ።

አየህ፣ ጣታችን ያደገው በሰዓት ሂሳብ ነው። ተደብቆ መቀመጥ ለእኛ ብር ማቃጠል ነበር። ብዙው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ያ ቤትም የለም። ችኮላው ግን አብሮ አልፈረሰም። አንተ ዛሬ በገዛ ሳሎንህ ተቀምጠህ፣ ማንም ሳይቆጥርብህ፣ አሁንም ስድስቱ ልጆች ከኋላህ የቆሙ ይመስል ትጣደፋለህ።

በነገራችን ላይ ይህ የጌም ዓይነት ራሱ የተወለደው ከእጦት ነው። ሂዲዮ ኮጂማ የሚባለው ጃፓናዊ የመጀመሪያውን ሜታል ጊር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ ኤምኤስኤክስ 2 ለሚባል የቤት ኮምፒውተር። የተጠየቀው የጦርነት ጌም ነበር። ማሽኑ ግን ብዙ ወታደርና ብዙ ጥይት ባንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ማሳየት አቃተው። ሰውዬው ነገሩን ገለበጠው፤ እንደልብ መዋጋት ካልተቻለ እንደበቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሜታል ጊር ሶሊድ በፕሌይስቴሽን አንድ ወጣ። በዚያው ዓመት ቴንቹ የሚባለው የኒንጃ ጌም መጣ፤ በኮምፒውተር ደግሞ ቲፍ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስፕሊንተር ሴል ተከተለ፤ እሱ ምን ያህል ብርሃን ላይ እንደቆምክ የሚያሳይ መለኪያ ስክሪኑ ላይ ነበረው። ይህችን መለኪያ ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መደበቅ አልችልም ግን አትበለኝ። አራት ኪሎ ያደገ ልጅ! አምሽተህ ስትገባ ምን ታደርግ ነበር? የቆርቆሮው በር የቱ ጋ ሲነካ እንደሚንጫረር ታውቃለህ። መጀመሪያ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ነው የምትገፋው። የጎረቤት ውሻ ከመጮሁ በፊት በስሙ ትጠራዋለህ። ጫማህ በእጅህ ነው። ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ቢያንቀላፋም በፊቱ አታልፍም፣ በጀርባው ትዞራለህ። ከውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ከሰማህ ባለህበት ደርቀህ ትቆማለህ። አልጋው ዝም እስኪል። ይኸው ነው ጌሙ። ሌላ ምንም የለውም።

ከዚያም በፊት ኩኩሉ ተጫውተናል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ እኛ «አልነጋም!» እንላለን። ቦታ ሳይዝ «ነጋ!» የሚል ቀልቃላ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። መጀመሪያ የሚያዘውም እሱ ነው። አንተ ካምፑ ደጃፍ ላይ ገና ሳትደበቅ ነው «ነጋ» የምትለው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ካምፑ ጋ ስትደርስ አትግባ። ከፍ ያለ ቦታ ፈልግ፣ በሆድህ ተኛ፣ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አውጣ። እያንዳንዱን ወታደር ለአፍታ ትኩር ብለህ ካየኸው ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ጀርባ ቢገባም የት እንዳለ ታያለህ። ቁጠራቸው። ማን ይቆማል፣ ማን ይዞራል? የሚዞረውን ሁለት ሙሉ ዙር ሳታየው አትነሳ። ይህ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጅ። ምሽት ከሆነ ደግሞ ይሻላል፣ ማታ ሩቅ አያዩም። ጀግናህ ስኔክ የሚያጨሳት ሲጋር አለች፤ እሷን ሲያጨስ ሰዓቱ ይሮጣል። አስመሽና ግባ። መብራቱን ከማብሪያ ማጥፊያው የምታጠፋባቸው ካምፖችም አሉ። መብራት ሲጠፋ ደስ የሚልህ ቦታ ሌላ የት ታገኛለህ?

መሣሪያን በተመለከተ ክላሹን ጀርባህ ላይ እርሳው። ገና ከመጀመሪያው ማደንዘዣ የሚተኩስ ሽጉጥ ይሰጥሃል፣ ድምፅ ማፈኛ ያለው። ጭንቅላት ላይ ካገኘኸው ሰውዬው ወዲያው ይተኛል። ሰውነቱ ላይ ከሆነ ግን እንቅልፉ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያው ይፈልግሃል። ማፈኛውም በተኮስክ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ እንደ ኳስ ሹት በዘፈቀደ አትተኩስ። የተኛውን ጎትተህ ከመንገድ አውጣው። ጓደኛው ካገኘው ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ነው የሚፈልግህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ያንተ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ። አንድ ወታደር ሲያይህ ሁሉም ነገር ለጥቂት ሰከንድ ዝግ ይላል። አስተውለኸው ይሆናል። አንተ በዚያች ቅጽበት መሣሪያ ትቀይራለህ፣ ክላሹን ትጎትታለህ። እንዲህ አታድርግ። ማደንዘዣው በእጅህ ይሁን፣ ያየህን ያን አንዱን ሰው ብቻ አስተኛው። እሱ ካልጮኸ ሌላው ምንም አያውቅም። ሳትደርስበት ቀርተህ ከጮኸ ደግሞ ጦርነት አትክፈት። ሽሽ። ኮረብታ ተሻግረህ ተኛ። ትንሽ ይፈልጉሃል፣ ይሰለቻቸዋል፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። መሸሽ በዚህ ጌም ነውር አይደለም። ፒያሳ ግን ነውር ነበር፣ አውቃለሁ።

አንድ በጣም የምወድለት ነገር አለው። ጌሙ ልማድህን ያጠናል። ሁሌ ጭንቅላት ጭንቅላት ከመታህ ወታደሮቹ ሄልሜት ማድረግ ይጀምራሉ። ሁሌ ማታ ከገባህ በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ይመጣላቸዋል። ስለዚህ አንድ ብልሃት ይዘህ ዓመት አትኖርም። ሚሽኑ ሲያልቅም ማንም ሳያይህ፣ ማንንም ሳትገድል ከወጣህ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥሃል። ተኩሶ ከሚያልፍ ሰው ይበልጥ ተደብቆ ያለፈው ነው የሚከበረው።

ደጋግመህ ስትሞት ደግሞ የዶሮ ኮፍያ ልስጥህ ይልሃል። እውነቴን ነው፣ የዶሮ ጭንቅላት የመሰለ ኮፍያ። እሱን ካደረግህ ወታደር ቢያይህም ወዲያው ማንቂያ አያሰማም፣ ይስቅብሃል እንጂ። እኔ በኩራት ሁለት ሳምንት እምቢ ብዬ ነበር። ዶሮ ማነቂያ አድጌ የዶሮ ኮፍያ! በመጨረሻ ወንድምነቱ የማይጠረጠር ጓደኛዬ ቤት በሌለበት ቀን አደረግሁት። አንተም ተቀበለው። ማንም አያይህም፣ ከወንድምህ በቀር። ወደ እሱም እመጣለሁ።

እጅህን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሴቲንግ ውስጥ ግባና የካሜራውን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ጣትህን ስታንቀሳቅስ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ቀንስ፣ በተለይ ስታነጣጥር ያለውን። ኳስ የለመደ አውራ ጣት የጆይስቲኩን ዱላ እስከ ጫፍ ነው የሚገፋው፤ እዚህ ግን ግማሽ መግፋት የሚባል ነገር አለ። ስትራመድም እንደዚያው ነው፣ ቀስ ብለህ ከገፋኸው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቀስ ያለ ሰው ደግሞ አይሰማም።

የወረወርከው ጆይስቲክ ግን ያሳዝናል። ሳትነካው የሚዞረው ከቀኙ ዱላ ሥር ያለችው ትንሽ አካል ስለተጎዳች ነው፤ ዱላው የት እንዳለ ለማሽኑ የምትነግረው እሷ ናት። ከቦርዱ ጋር የተበየደች ስለሆነች በማጽዳት ብቻ ላይድን ይችላል። ብየዳ የሚችል ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ አንዷን ነቅሎ ሌላ ይተካልሃል። መጀመሪያ ዋጋ ጠይቅ፣ ከሌላ ጆይስቲክ ዋጋ ብዙ ካልራቀ ግን ተወው። ሳይሠራ አትጫወት። በራሱ የሚዞር ካሜራ ይዞ ማነጣጠር በሰከረ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው። መብራት ሰፈራችሁ ውስጥ የሚመላለስ ከሆነም በስታብላይዘር አድርገው። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ ጥግ ላይ ምልክት ትታያለች፣ እሷ እያለች መብራት ከጠፋ መዘዝ አለው።

አሁን ወደ እናትህ።

ቀላሉን መልስ መጀመሪያ ልስጥህ። የፒኤስ ፎር ጆይስቲክ ከታች በኩል የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ኢርፎን ሰካ፣ ሴቲንግ ውስጥ ድምፁ በሙሉ ወደ ኢርፎኑ እንዲመጣ አድርግ። በቃ፣ ሳሎኑ ጸጥ አለ። ግን አንድ ጆሮህን ብቻ ነው የምታስገባው። «ቡና ደርሷል» ተብለህ ሦስት ጊዜ ተጠርተህ ካልሰማህ ከተኩሱ የባሰ ጥፋት ነው።

ኢርፎኑ ግን ድምፁን እንጂ ነገሩን አይሸፍነውም። እናትህ ያሉህን ራስህ ጽፈኸዋል፤ «እኔ የእውነቱን ሰምቻለሁ።» ዕድሜያቸውን አልነገርከኝም። የ26 ዓመት ልጅ ያላቸው እናት፣ አራት ኪሎ የኖሩ ከሆነ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 የት እንደነበሩ መገመት አያቅተኝም። ኢሕአዴግ ሲገባ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ተኩስ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ነው። እኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ማለዳ አልጋ ሥር ነው ያሳለፍኩት፣ እናቴ በላዬ ላይ ፍራሽ ደርባ። ዛሬም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ የማየው አልጋውን ነው። እናትህ ትልቅ ከሆኑ ቀይ ሽብርንም ያውቁታል። ከዚያ ወዲህም ስንት መጣ።

ስለዚህ «እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» የሚለውን ቃል ሁለተኛ አትናገር። ለአንተ ጨዋታ ነው። እሳቸው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ጨዋታ መሆኑን የሚያውቅ ክፍል የለም። ጌም ሰውን ጨካኝ ያደርጋል አያደርግም የሚለውን ክርክርም አታምጣባቸው። እሳቸው እሱን አልጠየቁህም። ይልቅ አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ «እማዬ፣ ያኔ የት ነበርሽ?» በላቸው። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ካልፈለጉ አይንገሩህ። ከነገሩህ ግን በየትኛው ሰዓት መጫወት እንደሌለብህ እኔ ሳልሆን እሳቸው ነግረውህ ያልቃል። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ ማሽኑ እንደማይከፈት ደግሞ ታውቃለህ፣ አልጨምርበትም።

ወንድምህን በሚመለከት ግን አልለሳለስም። የጌሙን ሽፋን ገልብጠህ እየው። እንደመጣበት አገር ወይ 18 የሚል ቁጥር፣ ወይ ኤም የሚል ፊደል አለበት፤ ኤሙ ከ17 ዓመት ጀምሮ ማለት ነው። እሱ 9 ነው። አጠገብህ ተቀምጦ የሚያየው አንተ ስትደበቅ ብቻ አይደለም፣ መሃል ላይ የሚመጡት ትዕይንቶች ከባድ ናቸው። እሱ ከተኛ በኋላ ተጫወት። ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ «ለምን አንተ ብቻ» ይላል። ለእሱ ያን የኳስ ጌም ፈልግለት፤ አሮጌውም ይበቃዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ የለመድከውን ሁሉ አሳየው። የተሸነፈ ግን ሳህን ያጥባል እንጂ አይከፍልም።

እንግዲህ ያ መለኪያ። ስፕሊንተር ሴል ምን ያህል ብርሃን ላይ እንዳለህ ያሳይሃል ብዬህ ነበር። ያንተ ጌም እንደዚያ ያለ መለኪያ የለውም፣ አንተ ግን የራስህ መለኪያ አለህ። ሶፋው ላይ ነው። እንዝርቱ እየሾረ ከሆነ በደህና እየሄድክ ነው። እንዝርቱ ከቆመ ተይዘሃል፣ ስክሪኑ ምንም ይበል። ኢርፎኑን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጠቀምበት። እጅህ ሲገራ፣ እናትህንም አስፈቅደህ፣ አንድ ቀን ማታ ንቀለውና ድምፁ ይሰማ። ነፋሱን፣ ኮቴውን ይስሙት። ቢነሱ አትከራከር፣ ኢርፎኑን መልሰህ ሰካ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ሞክር።

እንዝርቱ ሳይቆም አንድ ካምፕ ገብተህ የወጣህ ቀን ጻፍልኝ። የትኛው ካምፕ እንደሆነና በየት በኩል እንደገባህም አትርሳ። እኔ ድልድይ ያለበት አንድ ካምፕ ላይ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ ኮፍያውም አልረዳኝም።